የጃፓን ጎራዴ መሰብሰብ፦ እውነተኛውን ከፎርጅዱ እንዴት እንለያለን?

ኢንተርኔት ላይ «የጥንት የሳሙራይ ካታና» ተብሎ በሁለትና በሦስት መቶ ዶላር የሚሸጠው ጎራዴ ብዙውን ጊዜ በቅርቡ ተሠርቶ ሆን ተብሎ እንዲዝግ የተደረገ ነው። ለግድግዳ ጌጥ ቢሆን ችግር የለውም። ችግሩ የ400 ዓመት ዕድሜ አለው ተብሎ ሲሸጥ ነው። እዚህ አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ለሽወዳውም ለዕድሉም ቅርብ ነን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች እጅግ ብዙ ጎራዴ ይዘው ገብተዋል። የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ እውነተኛውም ፎርጅዱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

መጀመሪያ ዓይናችሁን አሠልጥኑ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጥሩ ጎራዴ በዓይናችሁ እዩ። ቶኪዮ ከሄዳችሁ ኡዌኖ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም እና ርዮጎኩ ሰፈር ያለው የጎራዴ ሙዚየም አለላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታንና የቦስተኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጥሩ ስብስብ አላቸው። ፎቶ በቂ አይደለም። የብረቱ ቀለም በፎቶ አይያዝም።

መጠኑንም ለዩ። የስለቱ ርዝመት ከ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ከሆነ ካታና፣ ከ30 እስከ 60 ከሆነ ዋኪዛሺ፣ ከዚያ ካነሰ ታንቶ ይባላል። ለጀማሪ የምመክረው ዋኪዛሺን ነው። ሁሉም ሰው ካታና ስለሚፈልግ፣ በተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ ሥራ የሚገኘው ዋኪዛሺ ላይ ነው።

ግልጹን ቶሎ አሰናብቱ

ማይዝግ ብረት ከሆነ፣ ሦስት ሆኖ ከነማስቀመጫው የሚሸጥ ከሆነ፣ የእጅ መከታው ላይ የቀለጠ ብረት ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ የሚተወው መስመር ከታየ፣ እለፉት። ስለቱ ላይ ከሩቅ የሚጮህ ጥቁርና ነጭ ሞገድ ካለም እንዲሁ። የጃፓን ብረት እየታጠፈ ስለሚቀጠቀጥ ሃዳ የሚባል ጅማት ይኖረዋል። ግን ስስ ነው፤ በቅርብና በጥሩ ብርሃን ካልሆነ አይታይም።

የጦርነት ዘመን ጎራዴ

ጀማሪን በጣም የሚያደናግረው ይህ ነው። ለጦር ሠራዊት የተሠራው ጎራዴ ጉንቶ ይባላል። ለበታች ሹማምንት ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ዓይነት 95 ሙሉ በሙሉ የፋብሪካ ሥራ ነው። ብዙው የብረት እጀታ አለው፤ የተጠመጠመ ክር እንዲመስል ቀለም ተቀብቷል። ስለቱ ላይ ቁጥር ተመትቶበታል፤ የሰገባው ቁጥር ከዚያ ጋር ሲገጥም ዋጋው ይጨምራል። ይህ ጎራዴ ራሱ በብዛት ፎርጅድ ይሠራለታል።

የመኮንኖቹ ግን ሌላ ነው። ውጪው የ1938ቱ (እ.ኤ.አ.) ወታደራዊ እጀታና ሰገባ ሆኖ፣ ውስጡ ግሎ ዘይት ውስጥ የተነከረ የፋብሪካ ብረት ሊሆን ይችላል፤ የቤተሰብ ቅርስ የሆነ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለት ሊሆንም ይችላል። ሻጩ «የጦርነት ጊዜ ነው» ብሎ በርካሽ ቢያቀርብ ሳትከፍቱት አትተዉት።

እጀታውን አውልቁ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። እጀታው ውስጥ የሚገባው የስለቱ ጭራ ናካጎ ይባላል። ሻጩ እንዲወልቅ ካልፈቀደ፣ ወይም የጭራውን ፎቶ ካልላከ፣ አትግዙ። ሰበብ አትስሙ።

አወላለቁ እንዲህ ነው። እጀታው ላይ ሜኩጊ የምትባል የቀርከሃ ችንካር አለች። አንድ ጫፏ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ነው። ከቀጭኑ በኩል በትንሽ የናስ መዶሻ ወይም በእንጨት ዘንግ ገፍታችሁ አውጧት። ምስማርና ጠመንጃ መፍቻ አትጠቀሙ፤ እጀታውን ይሰነጥቃል። ከዚያ ጎራዴውን በግራ እጅ እጀታው ላይ ያዙና ጫፉን ወደ ላይ አቁሙት፤ ትንሽ ወደ ኋላ ይዘንበል። በቀኝ እጃችሁ ቡጢ የግራ አንጓችሁን ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ስለቱ በራሱ እየላላ ይመጣል። ካልላላ ትንሽ ጨምሩ፤ አትጎትቱት። ስለቱን በባዶ ጣት አትንኩ፤ የጣት ላብ ያዝገዋል።

አሁን ዝገቱን ተመልከቱ። የድሮ ጭራ ዝገት ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው። ልሙጥ ነው፤ ከብረቱ ጋር ተዋህዷል። በነጭ ጨርቅ ብትጠርጉት ብዙ ነገር አይለቅም። ጨርቁ ላይ እንደ በርበሬ ቀይ ብናኝ ከቀረ፣ ያ ዝገት አዲስ ነው። አሲድ ወይም ጨው ውሃ ተቀብቶ ይሆናል፤ ወይም በቅርቡ እርጥበት ነክቶታል። በሁለቱም መልኩ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

ቀጥሎ የሞረዱን ጭረት ፈልጉ። ቀጥቃጮቹ ጭራውን ሲጨርሱ በሞረድ ሥርዓት ያለው ጭረት ያበጁበታል። እንደየቀጥቃጮቹ ወግ አቅጣጫው ይለያያል፤ አንዱ አግድም፣ ሌላው ሰያፍ። ርካሽ ፎርጅድ ላይ ጭረቱ ጭራሽ የለም፤ ወይም የኤሌክትሪክ ማሽን የተወው ዝብርቅርቅ ነው። የችንካሩንም ቀዳዳ እዩ። ጠርዙ ስል ሆኖ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በቅርቡ በድሪል የተበሳ ነው። ሁለትና ሦስት ቀዳዳ መኖሩ ግን የሚያስፈራ አይደለም። ረጅም ስለት ባሳጠሩት ቁጥር አዲስ ቀዳዳ ይበሱለታል፤ በዚያው ፊርማው ሊቆረጥ ይችላል። ፊርማ አልባ ሆነው እጅግ ውድ የሆኑ ጎራዴዎች ብዙ ናቸው።

ፊርማው የሰው ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ነው፤ ስለዚህም ሰው የሚታለልበት። ዝነኛ ስም መቅረጽ የዛሬ ብቻ ሥራ አይደለም፤ በድሮው ዘመንም ነበረ። እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ፊርማ ጊሜይ ይባላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኮቴትሱ ስሙ በሐሰት ከተቀረጸባቸው ቀጥቃጮች ዋነኛው ነው። ዝነኛው ቀጥቃጭ ማሳሙኔ ደግሞ ከናካቴው ብዙም አልፈረመም። ስለዚህ «ማሳሙኔ» የሚል ጉልህ ፊርማ ስታዩ ደስ አይበላችሁ፤ ተጠራጠሩ።

አዲስ ፊርማ በአሮጌ ጭራ ላይ ሲቀረጽ ዝገቱን ይሰብራል። በማጉያ መነጽር የመሮውን ጉድጓድ እዩ። የጉድጓዱ ውስጥና የጭራው ገጽ አንድ ዓይነት ቀለም ሊኖራቸው ይገባል። ፊርማው ራሱ ከ200 ዓመት በፊት የተጭበረበረ ከሆነ ግን ዝገቱ አይነግራችሁም። ያኔ መሮው የተመታበትን መንገድ በመጽሐፍ ከታተመ እውነተኛ ፊርማ ጋር ማወዳደር የግድ ነው። ከዚያም ወደ ባለሙያ።

አንድ ነገር ከልቤ እለምናችኋለሁ፦ ጭራውን አታጽዱ። የአንድ የቀድሞ ወታደር ልጆች ከአባታቸው የወረሱትን ጎራዴ ለሽያጭ ሲያቀርቡ አይቻለሁ። እንዲያምር ብለው ጭራውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው እንደ አዲስ ማንኪያ አብረቅርቀውት ነበር። ስለቱ ጥሩ ነበር። ግን የዘመናት ምስክሩ ተፋቀ። ያ ዝገት አንዴ ከሄደ የሚመልሰው የለም፤ ዋጋውም አብሮት ይሄዳል።

ሃሞኑን በብርሃን ፈትሹ

ሃሞን የስለቱን የሚቆርጥ ጠርዝ ተከትሎ የሚሄደው ነጣ ያለ መስመር ነው። ቀጥቃጩ ጀርባውን ወፍራም፣ ስለቱን ስስ ጭቃ ይቀባዋል። አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ስለቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ጀርባው ለስላሳ ይቀራል። ሁለቱ የሚገናኙበት ድንበር ነው ሃሞን።

አፈታተሹ፦ ክፍሉን አጨልሙና አንድ አምፖል ብቻ አብሩ። ጫፉን ወደ አምፖሉ አቅኑና ስለቱን ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፤ ነጸብራቁ ወደ ድንበሩ ሲጠጋ ቆም በሉ። እውነተኛ ሃሞን እዚያ ላይ ሕይወት ይዘራል። ድንበሩ ላይ ጥቃቅን የሚያበሩ ቅንጣቶች ወይም ስስ ጉም ይታያል። ቅንጣቶቹ ኒዬ፣ ጉሙ ኒዮይ ይባላሉ። በአሲድ የተሳለው ሃሞን ግን ከየትኛውም ማዕዘን አንድ ነው። ጠፍጣፋ ነጭ ነው፤ ድንበሩ ላይ ምንም የለም።

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እውነተኛ ጎራዴ ላይም ሞራጁ ለውበት ሲል ስለቱን በድንጋይ ያነጣዋል። ያ ንጣት ሃሞኑን በትክክል ላይከተል ይችላል። ንጣቱን አይታችሁ «ፎርጅድ ነው» አትበሉ፤ ከንጣቱ ውስጥ ድንበሩን ፈልጉ። ሃሞኑ እስከ ጫፉ ሄዶ ወደ ጀርባው መታጠፉንም አረጋግጡ።

በዚያው ብርሃን ስንጥቅ ፈልጉ። ከስለቱ ጠርዝ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ሃጊሬ ትባላለች። እሷ ካለች ጎራዴው አልቆለታል፤ ምንም ዓይነት ፊርማ ቢኖረው አትግዙ።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ጃፓን ውስጥ ያለ ጎራዴ ሁሉ የምዝገባ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ርዝመቱን፣ የቀዳዳዎቹን ብዛትና የፊርማውን ጽሑፍ ይይዛል። ሻጮች ይህንን እንደ እውነተኛነት ማረጋገጫ ያውለበልቡታል። አይደለም። ይህ የይዞታ ምዝገባ ነው፤ ሐሰተኛ ፊርማ ያለው ጎራዴም ይመዘገባል። ከአገር ሲወጣም ወረቀቱ ተመላሽ ሆኖ የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ የመውጫ ፈቃድ ይሰጣል።

የምትፈልጉት በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጎራዴ ጥበቃ ማኅበር፣ በምሕጻሩ ኤን ቢ ቲ ኤች ኬ፣ የሚሰጠውን የእውነተኛነት ወረቀት ነው። ደረጃው ከሆዞን ይጀምርና ቶኩቤትሱ ሆዞን፣ ጁዮ፣ ቶኩቤትሱ ጁዮ እያለ ይወጣል። ለመጀመሪያ ግዢ ሆዞን ያለው በቂ ነው። ወረቀቱም ፎርጅድ ይሠራለታልና የተለጠፈበትን የጭራ ፎቶ ከጭራው ጋር በቀዳዳ በቀዳዳ አስተያዩ።

ከገዛችሁ በኋላ

አትሳሉት፣ አታሹት። መሞረድ ዓመታት የሚወስድ የሙያ ሥልጠና ነው፤ ክፍያው ከጎራዴው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አሮጌውን ዘይት በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉ፤ ስስ የማዕድን ዘይት ቀቡ። ባህላዊውን የድንጋይ ዱቄት፣ ኡቺኮን፣ እኔ አልወደውም፤ ደጋግመው ሲጠቀሙበት ስለቱን ይጭራል።

ወረቀት የሌለው ጎራዴ እጃችሁ ከገባ ለባለሙያ የምትልኩት ፎቶ ይኸው ነው፦ ያለ እጀታ ሙሉ ስለቱ ከነጭራው፣ ጭራው በሁለቱም ወገን፣ ጫፉ በቅርብ፣ የስለቱም ርዝመት በሴንቲ ሜትር። የእጀታውና የሰገባው ፎቶ ቢቀርም ግድ የለም።