ጎጃም ላይ ዓሣ ለማጥመድ ስታስቡ ከመንጠቆው በፊት ወሩን ምረጡ

ዓሣ ለማጥመድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ነው። ዘንጉ የት ይገዛል? ስንት ያወጣል? እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፤ በየትኛው ወር ልትሄዱ ነው? ወሩ ከተስተካከለ በተራ ክርም ይያዛል። ወሩ ካልሆነ ግን ውድ ዕቃም አይጠቅማችሁም፤ ይባስ ብሎ ጣና ሐይቅን ትጎዳላችሁ።

1. ወሩን መምረጥ

ጣና ላይ በብዛት የሚያዙት ቆሮሶ፣ አምባዛና ባርበስ ናቸው። ባርበስ አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ውጪ የትም አይገኙም። ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ነው። ወደ 40 ሜትር የሚወርደው ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ጣና የራሱን ዓሣ ለብቻው ሲያፈራ ኖሯል።

ከእነዚህ ባርበሶች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሐይቁን ትተው በወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት፣ ጥርት ያለ ውኃ የሚወርድበት ቦታ ፈልገው እንቁላል ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ወንዙ ከሐይቁ ጋር የሚገናኝበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ዓሣ ያገኛል። የሚያገኘው ግን ልትወልድ የደረሰችውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ ጣና ላይ ከገቡ በኋላ ባሉት ዓመታት የባርበስ ቁጥር ክፉኛ ወርዷል፤ አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው የወንዝ አፍ ላይ ማስገር ነው። አምባዛም ቢሆን የሚራባው ክረምት ገብቶ ውኃው ዳር ዳሩን ሜዳ ሲያለብስ ነው።

ስለዚህ ከሰኔ እስከ ጥቅምት መንጠቆ አታውጡ። «አንድ ብቻ ብይዝ ምን አለበት?» የሚሉኝ አሉ። አንዲት እንቁላል የያዘች ዓሣ በሺዎች የሚቆጠር ዘር ተሸክማ ነው የምትሄደው። ደግሞም ከኅዳር እስከ ግንቦት ሰፊ ጊዜ አለ። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ከታኅሣሥ በኋላ ወባውም ቀለል ይላል። አጎበር ግን በየትኛውም ወር ያዙ።

ቀኑን ከቆረጣችሁ በኋላ የምትሄዱበት ወረዳ ላይ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ፈልጋችሁ የተከለከለ ቦታ ካለ ጠይቁ። የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ሰሞን አጣሩ። ከወር በፊት የሰማችሁትን ይዛችሁ አትነሱ።

2. ቦታው

ለጀማሪ ባሕር ዳርና ዘጌ ይሻላሉ። ጀልባ አይጠፋም፣ ማደሪያም አለ። ጸጥታ የሚወድ ሰው እዚያው ጣና ዳር ያለችው ቁንዝላ ድረስ ይዝለቅ።

ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ መንገድ ትንሽ ወጣ ስትሉ መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ አለ። ቆጋ የመስኖ ግድብ መሆኑን አትርሱ። በጋውን ሙሉ ውኃው ለማሳ ይለቀቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጢም ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሚያዝያ ላይ ግን ዳሩ ርቆ ይሸሻል፣ እስከ ውኃው ድረስ ጭቃ ነው። ስለዚህ ቆጋን አስቀድሙ፣ ጣናን ለኋላ አቆዩ። እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ቁልቁል የሚገባ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ለእይታ ግሩም ነው፤ ለጀማሪ አጥማጅ ግን አልመክረውም።

3. ዕቃ

ጠንካራ የናይለን ክር፣ ትንንሽና መካከለኛ መንጠቆ፣ ለማስጠሚያ እርሳስ፣ ለማንሳፈፊያ ቡሽ ይበቃል። ዘንግ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ቀጥ ያለ ሸንበቆ ይሠራል። በርካሽ የሚሸጡት ታጣፊ ዘንጎች መጋጠሚያቸው ላይ ቶሎ ይሰበራሉ፤ ለእነሱ ከምትከፍሉ ጥሩ ክር ግዙ። መረብን ጭራሽ አታስቡት።

ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆና የመሬት ትል ወይም ጠበቅ ያለ ሊጥ ያዙ፤ ደንገሉ ጥግ ጣሉት። ለአምባዛ የጉበት ቁራጭ እስከ ታች ይስመጥ። ከባርበሶቹ መካከል ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ስላሉ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ዓሣ እየጎተታችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

4. ሰዓቱ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ውኃው ዳር ሁኑ። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይናወጣል። ማለዳ መስታወት መስሎ ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ማዕበሉ ጀልባውን በጎን ይመታል። ሰዓት ከማየት የታንኳ ሰዎቹን ማየት ይሻላል። ደንገሉን ሸርበው የሠሩትን ታንኳ ወደ ዳር ማዞር ከጀመሩ እናንተም ክራችሁን ሰብስቡ።

አንድ ጊዜ ስድስት ሆነን ልንሳፈር ስንል ጀልባው ላይ የነበረው ላይፍ ጃኬት ሁለት ብቻ ነበር። ባለጀልባው «ሐይቁ ዛሬ ሰላም ነው» አለን። ወረድን። ያን ቀን ከሰዓት የነበረውን ማዕበል ከዳር ሆነን አየነው። ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ ዋጋም ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

አምባዛ ሲመሽ ይበላል ተብሎ ማታ ዳር ላይ መቀመጥ የሚወዱ አሉ። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይህን አታድርጉ። ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውኃ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው። ጣና ላይ ቢልሃርዚያም ስላለ ባዶ እግራችሁን ውኃ ውስጥ ቆማችሁ አታጥምዱ።

5. ከተያዘ በኋላ

ቆሮሶን ከራሱ ወደ ጭራው እየዳበሳችሁ የጀርባውን እሾህ አስተኙና ጨብጡት። አምባዛ ሁለቱ የደረት ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፤ ከክንፎቹ ኋላ ያዙት። ትንሹን እጃችሁን አርጥባችሁ ወደ ውኃው መልሱት።

የምታስቀሩትን እዚያው ሆዱን ቅደዱና አንጀቱን አውጡ። እርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ በየጊዜውም ውኃ አርከፍክፉበት። በላስቲክ አትቋጥሩት፤ ቀትር ሳይደርስ ይሸታል። ባርበስ ሥጋው ጣፋጭ ቢሆንም ደቃቅ አጥንቱ ብዙ ስለሆነ ለልጆች ቆሮሶውን ለዩላቸው። ጥሬውን ማንም አይብላ፤ ጥገኛ ትል ያለበት ዓሣ ያጋጥማልና በደንብ ጥበሱት።