የባክሆ ሎደር የእጅ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚስተካከል

በካቮ (በብረት ገመድ) የሚሳብ የእጅ ፍሬን ያለው ባክሆ ሎደር (ከፊት ባኬት፣ ከኋላ መቆፈሪያ ክንድ ያለው ማሽን) ላይ ፍሬኑ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ጋ ሳይሆን ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደሚያከፋፍለው ክፍል) በሚሄደው ዘንግ መስመር ላይ ይገኛል። 8 ቶን የሚመዝን ማሽን 20 በመቶ ተዳፋት ላይ ሲቆም 1.6 ቶን የሚጠጋ ኃይል ቁልቁል ይጎትተዋል። ከዘንጉ እስከ ጎማው ያለው የማርሽ ቅነሳ 20 ለ 1 ነው ብንል፣ ዘንጉን ለመያዝ ጎማው ላይ ከሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል አንድ ሃያኛው ይበቃል። አነስተኛ ታምቡር ወይም ዲስክ በእጅ ጉልበት ተስቦ ማሽኑን የሚያቆመው በዚህ ነው።

ግን ጣጣም አለው። ማሽኑ እየሄደ ከተሳበ፣ ዘንጉ ከጎማው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚዞር ሸራው (ታምቡሩን ወይም ዲስኩን ተጭኖ የሚይዘው ንጣፍ) ይቃጠላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ካነሱት፣ ያልተቆለፈ ዲፈረንሻል የተነሳውን ጎማ ወደ ኋላ እያዞረ መሬት የያዘውን ያንከባልለዋል። ፍሬኑ ጤነኛ ነው፤ ማሽኑ ግን ይሄዳል። ስለዚህ በእጅ ፍሬን ብቻ ተማምነው ጎማ አይፍቱ፤ ታኮ (ከጎማው ስር የሚደረግ ማገጃ) የግድ ነው።

ታምቡር ባለው ፍሬን ላይ ማንሻው ሲሳብ ካቮው የፍሬኑን ክንድ ይጎትታል፤ ክንዱ ካሙን (ሲዞር ሸራዎቹን የሚገፋውን ብረት) ያዞራል፤ ካሙም ሸራዎቹን ታምቡሩ ላይ ይጫናቸዋል። ብዙዎቹ ማንሻዎች የመሃል ነጥባቸውን ሲያልፉ ቀጭ ብለው ራሳቸውን ይቆልፋሉ። ያለ ምንም ክብደት ከተሳበ ካቮው ላልቷል ማለት ነው።

ለማስተካከል ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ባኬቱን መሬት ያስነኩ፣ ሞተር ያጥፉ፣ ዜሮ ማርሽ ያድርጉ፣ ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዙ። ከዚያ ማንሻውን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ጫፉ ላይ የሚዞር እጀታ ካለው በሰዓት አቅጣጫ ግማሽ ዙር ያዙሩና ይሳቡ፤ ጠንከር ብሎ እስኪቆለፍ ይደጋግሙ። እጀታው እስከ መጨረሻው ዞሮ ካለቀ፣ ወደ መነሻው መልሰው ከታች በካቮው ጫፍ ያለውን ዳዶ ያጥብቁ። እዚህ ላይ ግን ቆም ይበሉ፦ ያለቀው ሸራው ከሆነ ካቮ ማሳጠር ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። ሸራው ተበልቶ እስከ ሪቬቱ (ሸራውን እስከያዘው ምስማር) ራስ ከቀረበ ይቀየር።

ሲጨርሱ ቀለል ባለ ተዳፋት ይሞክሩት። ከታች በኩል ማንም አይቁም፤ የእግር ፍሬኑን ረግጠው የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ከዚያ የእግሩን ቀስ እያሉ ይልቀቁ፤ ከተንሸራተተ ወዲያው መልሰው ይርገጡ።

ማንሻው ተለቆ ታምቡሩ የሚግል ወይም የሚሸት ከሆነ መጀመሪያ ካቮውን ይጠርጥሩ። ሽፋኑ ሲቀደድ ጭቃና ውሃ ገብቶ ያዝገዋል፤ ስለዚህ ይሳባል እንጂ አይመለስም። ዘይት መቀባት ለጥቂት ቀን ነው፣ ይቀይሩት። ካቮው ደህና፣ ሸራውም ያላለቀ ሆኖ ፍሬኑ የሚያንሸራትት ከሆነ ደግሞ የካምቢዮውን መውጫ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ይመልከቱ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም ሲሞቅ መልሶ ያላበዋል፤ መጀመሪያ ኦይል ሲሉ፣ ቀጥሎ ሸራው ይቀየር።