የሚነዝረው ምጣድ እንዴት ተስተካከለ

ጎንደር፣ ማራኪ ያለው የእናቴ ቤት ምጣድ መንዘር ጀምሮ ነበር። ጎረቤቶች «ጫማ አድርገው ይጋግሩ» ይሏታል። ጫማ ንዝረቱን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ችግሩን አያጠፋም፤ በ220 ቮልት ደግሞ ቀልድ የለም።

ምጣዱን ነቅዬ ዋናውን ብሬከር አጠፋሁ። ማጥፋት ብቻ ግን አይበቃም፦ ቮልት የሚለካው መልቲሜትር ከማጥፋቴ በፊት ሶኬቱ ላይ 220 አካባቢ ሲያነብ አይቻለሁ፣ ካጠፋሁ በኋላ ዜሮ መሆኑን አረጋገጥኩ፣ ከዚያ መልቲሜትሩ ራሱ እንዳልተበላሸ ለማወቅ ጎረቤት ቤት ሶኬት ላይ ደግሜ ሞከርኩት። ይህችን ነገር ማንም እንዳይዘልላት እለምናለሁ።

ሶኬቱን ስፈታው ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ቢጫና አረንጓዴው የምድር ሽቦ ከብሎኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አስገብቼ አጠበቅኩት።

ግን ኤሌክትሪኩ ወደ ምጣዱ አካል ከየት መጣ? ምጣዱ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ከሶኬት እንደተነቀለ፣ በመሰኪያው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ እግሮችና (በምድሩ ሳይሆን) በቆርቆሮው መካከል ስለካ መኖር የሌለበት ግንኙነት አሳየ። ከስር ስከፍተው የሽቦው ልባስ በሙቀት ረግፎ ቆርቆሮውን ይነካል። ሙቀት በሚችል ሽቦ ቀየርኩት። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ ቀጭን ሽቦ አይችለውም።

ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ለማስገባት ግን ባለሙያ ጠራሁ። ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪው የሚመጣው መስመር ኤሌክትሪክ አለው።