ከወሎ ለመጣችሁ ወላጆች፦ ትምህርት ቤቱ ሲጠራችሁ

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ ወይም ከሐይቅ ልጆች ይዛችሁ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የመጣችሁ፣ ይቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት። የቤት ኪራዩን፣ የሶሻል ሴኩሪቲውን፣ የመንጃ ፈቃዱን ነገር ዘመድ ያሳያችኋል። የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን ግን የሚነሳው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ልጁ ታግዶ ቤት ሲውል ያኔ "ምን አድርጎ ነው?" ይባላል።

እኛ ያደግንበትን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሰልፍ፣ ባንዲራ። አርፋጅ በር ላይ ይንበረከካል። የክፍል አለቃው የረባሽ ስም ይጽፋል፣ ዩኒት ሊደሩ አለንጋ ይዞ ይዞራል። ከበድ ካለ "ወላጅ አምጣ" ነው። አባት ጋቢውን አጣፍቶ ይመጣል፣ "ከዓይኑ በቀር የፈለጋችሁትን አድርጉት" ይልና ይሄዳል። (በነገራችን ላይ አገር ቤትም ዱላ ክልክል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት የአካል ቅጣት እንዳይደርስበት ይከለክላል። አለንጋው ግን ይህን ያነበበ አይመስልም።)

እዚህ ሁሉም ነገር በወረቀት ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ አለው። ምን ጥፋት ምን እንደሚያስከትል ተዘርዝሮበታል። ሞንትጎመሪ ካውንቲና ፌርፋክስ ካውንቲ በአማርኛም ያዘጋጁታል፣ ስለዚህ እንግሊዝኛ አልገባኝም ማለት አያዋጣም። ዓመቱ ሲጀመር ደንቡ ደርሶኛል ብላችሁ ትፈርማላችሁ። አብዛኛው ሰው ሳያነብ ነው የሚፈርመው። ሁሉን ማንበብ ከከበዳችሁ ስለ መሣሪያ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ድብድብ የሚለውን ብቻ እንኳ አንብቡ። የእኛ ልጆች የሚጠመዱት እዚያ ነው።

ሰንጢን እንውሰድ። እናት ብርቱካን ከነመላጫው ምሳ ዕቃ ውስጥ ትከታለች። በእሷ ቤት ደግ ነገር አደረገች። በደንቡ ግን ልጁ ስለት ይዞ ትምህርት ቤት ገባ። ብርቱካኑን ቤት ልጣችሁ ላኩ። መጫወቻ ሽጉጥም ጣጣ አለው፣ ቦርሳ ውስጥ እንዳይገኝ። እውነተኛ ሽጉጥ ከሆነማ በፈረንጆቹ 1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቢያንስ የአንድ ዓመት መባረር ያስከትላል፤ ኃላፊው ጉዳዩን አይቶ ካላሻሻለው በቀር።

መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ራሷን ላመማት ጓደኛዋ ፓራሲታሞል የሰጠች ልጅ ደግነቷን ማንም አያይላትም፤ መድኃኒት አከፋፈለች ነው የሚባለው። ልጃችሁ በትምህርት ሰዓት የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከነሐኪሙ ወረቀት ለትምህርት ቤቱ ነርስ ስጡ።

ድብድብ ላይ "እሱ ቀድሞ መታኝ" ብዙ አያድንም። ሁለቱም ሊታገዱ ይችላሉ። "እገልሃለሁ" የሚባል ነገርም አለ። እኛ ቤት እናት ቡና እያፈላች ለልጇ በቀን ሦስቴ ትለዋለች። ልጁ ያንኑ በእንግሊዝኛ ለክፍል ጓደኛው ቴክስት ካደረገው ግን ዛቻ ነው፤ ፖሊስም ሊጠራበት ይችላል። ይህን ለልጆቻችሁ ሳታፍሩ በግልጽ ንገሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ጥሪው ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?

የወሎ ሰው ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ "አፉ በሉን" ይላል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ይጣራል። ጥሩ ልማድ ነው፣ አልቀየረውም። ግን የረዳት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ አይሠራም። አንዲት የኮምቦልቻ እናት ልጇ ተደባደበ ተብላ ስትጠራ አብሬያት ገብቼ ነበር። ገና ወንበር ሳትይዝ "አፉ በሉኝ፣ ልጅ ነው፣ አይለምደውም" አለች። አስተርጓሚው በስልክ ስፒከር "ልጄ ስላጠፋው ጥፋት ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብሎ ተረጎመው። ረዳት ርዕሰ መምህሯ ወዲያው ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ እናቱ ከተናገረች በኋላ ምን ይበል? የኮሪደሩ ካሜራ ይታይልን ብለን ጠየቅን። ሲታይ ልጁ ገላጋይ ሆኖ ተገኘ። ሳይጠየቅ ቢቀር ኖሮ ይቅርታዋ እንደ እምነት ቃል ተቆጥሮ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ አድምጡ፣ ከዚያ ጠይቁ። የትኛውን የደንብ ቁጥር ጣሰ? ማን አየ? ስንት ቀን? ይግባኝ ለማን፣ እስከ መቼ? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 1975 ከኦሃዮ በመጣ ጉዳይ ላይ ወስኖታል፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን እስከ 10 ቀን እንኳ ለማገድ ምን አደረግህ እንደተባለ ሊነገረው፣ ካላመነ ማስረጃው ሊገለጽለት፣ የራሱንም ወገን የመናገር ዕድል ሊሰጠው ይገባል። እዚያው ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገር ካለ ልጁ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔም ቶሎ ሊሰማ ይገባዋል። ከ10 ቀን በላይ ከሆነ ሥርዓቱ የበለጠ ጥብቅ ይሆናል። ልዩ ድጋፍ የሚሰጠው ልጅ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ልዩ ድጋፍ ካስፈለገበት የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት የመጣ መሆን አለመሆኑን ለማየት ስብሰባ መደረግ አለበት።

አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ። ተከሳሹን ልጅ ወይም ታናሽ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጁ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ ይነግራችኋል፣ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ወረቀት ፈርሙ ስትባሉ ያልተስማማችሁበት ከሆነ "ደርሶኛል፣ አልስማማም" ብላችሁ በአማርኛም ቢሆን ጻፉበት። ኮፒ ያዙ። የልጁን ፋይል ለማየት በጽሑፍ ከጠየቃችሁ ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት።

አንዳንድ ትምህርት ቤት ከቅጣት በፊት ልጆቹን ክብ አስቀምጦ ያነጋግራል። የበደለ ይናገራል፣ የተበደለ ይናገራል፣ ካሳው ምን እንደሆነ ይስማማሉ። አበጋር ሲያስታርቅ ላየ የወሎ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ሲቀርብላችሁ "ቀልድ ነው" ብላችሁ አትናቁት፤ ከእገዳ ይሻላል።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ መቆሙንም አስረዱ። እኛ ታላቅን ዓይን ዓይኑን አናይም። አስተማሪው ግን "ናቀኝ" ወይም "አጥፍቷል" ብሎ ሊረዳው ይችላል። በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አረፍተ ነገር ብትናገሩ ብዙ ይቀላል።

ቤት ወስዳችሁ አትግረፉት። ይህን የምለው ለመምከር ሳይሆን ሕጉን ለመንገር ነው። አስተማሪ ገላው ላይ ሰንበር አይታ በደል ከጠረጠረች ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። ብታዝንላችሁም ዝም ማለት አትችልም።

ስልክን በተመለከተ ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ ከመግቢያ ደወል እስከ መውጫ ደወል በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ በትምህርት ሰዓት ልጃችሁ ጋ አትደውሉ፤ ቢሮው ጋ ደውሉ።

መቅረትም ቀላል አይደለም። ለዒድ፣ ለገና፣ ለጥምቀት የሚቀር ልጅ አስቀድሞ በጽሑፍ ከተነገረለት በአብዛኛው የተፈቀደ ይሆናል። ሳይነገር ከቀረ ግን ይቆጠርበታል። በዲሲ ከ5 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት 10 ቀን ያለ ፈቃድ ከቀረ ጉዳዩ ወደ ሕፃናት ደህንነት መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ 15 ቀን በተከታታይ የጠፋ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል። በትምህርት መሀል አያት ለማየት ደሴ ሄዳችሁ ሁለት ወር ልትቀመጡ ያሰባችሁ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን አነጋግሩ።

ሒጃብና ሶላት የዲሲፕሊን ጉዳይ አይደሉም። ልጅቷ ሒጃቧን አታወልቅም፤ የሚያስወልቃት ካለ ይህም በጽሑፍ ይጠየቃል። በረመዳን የሚጾም ልጅ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥልኝ ማለት ይቻላል። ከስፖርት ክፍለ ጊዜውም ቀለል እንዲልለት ለአስተማሪው ቀድማችሁ ንገሩ።

ሲም ካርድ ስትቀይሩ አዲሱን ቁጥር ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ስጡ። አዲስ የገባ ሰው ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይለውጣል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሚደውለው በመጀመሪያው ነው።