በወረርሽኝ ጊዜ የቤት ፍጆታን መቁጠር፣ ምትክ ማዘጋጀትና የተጋነነ ዋጋን መከላከል

ወረርሽኝ ሲገባ መደርደሪያ የሚራቆተው ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ ሳይቆም ነው። ሱቅ ዕቃ የሚያስመጣው በተለመደው ሽያጩ ልክ ነው። 300 ቤተሰብ ደንበኛ ያለው አንድ ሱቅ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር አንድ እሽግ ሶፍት ይገዛል። በሳምንት ወደ 75 እሽግ ይሸጣል ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ሳምንት መጥተው ሁለት ሁለት ቢወስዱ 600 እሽግ ይፈለጋል፤ የወትሮው 8 እጥፍ። አንድም ሰው መኪና ሙሉ ሳይጭን ዕቃው ያልቃል። ወሬው ይዛመታል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ አጋጣሚውን የሚጠብቀው ነጋዴም ዋጋ ይሰቅላል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ያለውን ቁጠሩ።

ፍጆታን መለካት

ማንኛውንም ዕቃ ስትከፍቱ ቀኑን በማርከር እላዩ ላይ ጻፉ፤ ሲያልቅ ቀናቱን ቁጠሩ። አንድ ሳሙና በ6 ቀን ካለቀ ለ30 ቀን 5 ሳሙና ይበቃችኋል። ቤተሰቡ ቀኑን ሙሉ ቤት መዋል ሲጀምር ግን በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ያልቅ የነበረው ሳሙናና ሶፍት ወደ ቤት ይዞራል። ለእነዚህ ሁለቱ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ያህል ጨምራችሁ አስሉ፤ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ትክክለኛውን ቁጥር ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ መቼ እንደምትገዙ ወስኑ። ዕቃው በ10 ቀን አንዴ የሚገባ ከሆነ የ10 ቀን ፍጆታና የ4 ቀን መጠባበቂያ ሲቀራችሁ ትገዛላችሁ። በሳሙናው ምሳሌ ሦስት ሲቀር ማለት ነው። ለአብዛኛው የቤት ዕቃ ከዚህ ያለፈ አያስፈልግም። ሁልጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ግን የአንድ ወር ቢኖር ይመረጣል፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያም የሁለት ዙር። ዳይፐር ከአንድ ወር በላይ አትግዙ፤ ልጁ ያድግና ቁጥሩ ይጠበዋል።

አብዝቶ ማከማቸት ገንዘብ ከማሰሩ ሌላ ዕቃውንም ያበላሻል። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል፤ ለዓመት የተቀመጠ ጀሪካን የተጻፈበትን ያህል ጥንካሬ አይኖረውም። አልኮል በብዛት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የእሳት አደጋ ነው። የላቴክስ ጓንት ሙቀት ካገኘው ይደርቅና ሲለበስ ይቀደዳል።

በረኪናን መበጥበጥ

ማጽጃ ሲጠፋ በረኪና ብዙ ቦታ ይሸፍናል፣ ልኩ ከተጠበቀ። መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ የሶዲየም ሃይፖክሎራይት (ተህዋስያንን የሚገድለው የበረኪናው ንጥረ ነገር) መጠን በመቶኛ ስንት እንደሆነ አንብቡ። መጠኑ ያልተጻፈበትን፣ ከጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጠውንም ለበሽታ መከላከያ አትመኑት፤ ነጋዴው ውሃ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ጊዜ ለቤት ዕቃዎች ገጽ ያስቀመጠው ልክ 0.1 በመቶ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተጻፈውን መቶኛ ለምትፈልጉት መቶኛ አካፍሉና አንድ ቀንሱ፣ የሚጨመረው የውሃ እጅ ይወጣል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና 5 ÷ 0.1 = 50፣ ሲቀነስ 49። አንድ እጅ በረኪና፣ 49 እጅ ውሃ። ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር በረኪናና 980 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሆናል። መለኪያ ከሌለ አንድ የሾርባ ማንኪያና አንድ የሻይ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በረኪናው 4 በመቶ ከሆነ 25 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ደም ወይም ትውከት የነካው ቦታ 0.5 በመቶ ይፈልጋል፤ ከ5 በመቶው 100 ሚሊ ሊትር ከ900 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቆሻሻ በረኪናን ስለሚያዳክም ቦታውን አስቀድማችሁ በሳሙናና በውሃ እጠቡ። የምትበጠብጡት በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ያፈርሰዋል። ከቀባችሁ በኋላ ወዲያው አትጥረጉት፣ 10 ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ይቆይ። የተበጠበጠውን በየቀኑ አድሱ። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። ከኮምጣጤ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር ከተቀላቀለ የክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ ክሎራሚን ይወጣል፤ ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ። የውሃ ወይም የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አትገልብጡት። ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ጠርሙስ አንስቶ ይጠጣል።

ሳኒታይዘር ሲጠፋ

ሳሙናና ውሃ ካለ ሳኒታይዘር ባይኖርም ግድ የለም፤ በጣቶች መሐልና በጥፍር ሥር ቢያንስ 20 ሰከንድ መታሸት ይበቃል። ሳኒታይዘር ውሃ ለማይገኝበት ቦታ ይቆይ። ስትገዙ አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆኑን እዩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለአንድ ሊትር ሲሰላ 96 በመቶ ኤታኖል 833 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 42 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሪን 14.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ሊትር እስኪሞላ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ውሃ ይጨመርና ተከድኖ 72 ሰዓት ይቆያል። ቀመሩ የተጻፈው ሙያና መለኪያ ላላቸው መድኃኒት ቤቶችና አምራቾች ነው። ቤት ውስጥ ሞክሩት አንልም፤ አልኮሉ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ምንጩ ያልታወቀ አልኮል ደግሞ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል። ሜታኖል መርዛማ አልኮል ነው፣ በማሽተት መለየት አይቻልም፤ የጠጣውን ያሳውራል፣ ይገድላል።

ሶፍት

እ.ኤ.አ. በ2020 በብዙ አገሮች ሱቆች ሶፍት ሲያልቅባቸው ለመሥሪያ ቤትና ለሆቴል የሚመረቱት ትልልቅ ጥቅሎች ፈላጊ አጥተው ነበር። የሁለቱ ማሽንና ማሸጊያ ስለሚለያይ ፋብሪካው በአንድ ጀምበር ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር አይችልም። ለድርጅቶች የሚያከፋፍል ሻጭ ፈልጉ፤ አንዱን ካርቶን ሦስት አራት ቤተሰብ ተካፍሎ መግዛት ይችላል።

የተጋነነ ዋጋ

የዋጋ መጨመር ሁሉ ብዝበዛ አይደለም፣ አከፋፋዩ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 3 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ወረርሽኙ ከጀመረ ወዲህ የሕክምና ማስክ ዋጋ ስድስት እጥፍ፣ ኤን 95 የሚባለው ይበልጥ የሚያጣራ ማስክ ዋጋ ሦስት እጥፍ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ዝላይ የምርት ወጪ ብቻ አያመጣውም።

ስታነጻጽሩ በእሽግ ሳይሆን በሚሊ ሊትር ወይም በፍሬ አስሉ። ዋጋው ሳይነካ ጠርሙሱ ከ500 ወደ 400 ሚሊ ሊትር ከወረደ 25 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። የዋጋ ወረቀቱን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱት፤ በአሮጌ ወረቀት ላይ አዲስ ተለጥፎ ከሆነ የቆየ ክምችት በአዲስ ዋጋ እየተሸጠ ሊሆን ይችላል። የምርት ቀኑም ያንኑ ይነግራችኋል። ሳኒታይዘር ለመግዛት የማይፈለግ ዕቃ አብራችሁ እንድትወስዱ ማስገደድም የተደበቀ ጭማሪ ነው።

ሕጉ በየአገሩ ይለያያል። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ የአደጋ ጊዜ ከታወጀ በኋላ በአስፈላጊ ዕቃዎች ላይ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር ወንጀል ነው፤ ሻጩ የራሱ ወጪ መጨመሩን ካሳየ ግን የተለየ ነው። ለአቤቱታ ደረሰኝ ጠይቁ። ከተከለከላችሁ የዕቃውን፣ የመጠኑንና የዋጋውን ፎቶ በአንድ ላይ አንሱ፤ የሱቁን አድራሻ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከተቻለም የቀድሞውን ዋጋ የሚያሳይ አሮጌ ደረሰኝ አያይዙ።