የአካባቢያችሁን አስፈሪ ታሪኮች እንዴት በመድበል ታወጣላችሁ? ከንባብ ክበብ ጀምሩ

አስፈሪ ልብወለድ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ዘመድ አዝማዱ "ምን ነካህ፣ ደህና ነገር አትጽፍም?" ይለዋል። እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ጸሐፊዎች አንድ አካባቢ ሲገናኙ ደግሞ ወዲያው የሚመጣላቸው ሐሳብ "መጽሐፍ እናውጣ" የሚል ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። አብሮ ማንበብ ያልለመደ ቡድን የሚያወጣው መድበል የሚያስፈራው የማተሚያውን ወጪ የሸፈነውን ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ ክበቡ ይቁም።

አብራችሁ አንብቡ

ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ሰው በቂ ነው። ከዚያ ካነሰ ሁለት ሰው ሲቀር ውይይቱ ይሞታል። ከበዛ ደግሞ ዝምተኞቹ ሳይናገሩ ይመሻል። በወር አንዴ ተገናኙ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ረጅም ልብወለድ ተዉትና አጫጭር ታሪኮችን አንብቡ፤ ሳይጨርስ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር። ታሪኩን የመረጠው ሰው ውይይቱን አይምራ፤ ጠበቃ ይሆንለታል።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም፦ ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ የማይጽፉ፣ አንባቢ ብቻ የሆኑ ሰዎች ይሁኑ። ጸሐፊ የጸሐፊን ብልሃት ያደንቃል። አንባቢ ግን የት ላይ እንደሰለቸው ይነግራችኋል።

"ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ፤ ሁሉም "አሪፍ ነው" ይላል። ይልቅ እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ሲያነብ እርሳስ ይያዝና ሦስት ቦታ ምልክት ያድርግ። አንደኛው ቅር ቅር ማለት የጀመረበት መስመር ነው። ሁለተኛው ፍርሃቱ ጫፍ የደረሰበት ነው። ሦስተኛው ፍርሃቱ የለቀቀበት ነው፤ ሳቁ የመጣበት፣ የሰለቸበት ወይም የተምታታበት። ስትገናኙ ገጾቹን አስተያዩ። ሰባት ሰው አንድ አንቀጽ ላይ ለቆት ከሆነ ክርክር አያስፈልግም። ያ አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ጭራቁ ከእግር እስከ ራሱ የተገለጸበት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ይህ ልማድ በሌሎች ደራሲያን ሥራ ላይ ከተለመደ በኋላ የራሳችሁን ረቂቆች አምጡ። ያኔ ትችቱ ሰውን ሳይሆን መስመርን ይነካል፤ ኩርፊያም ይቀንሳል።

ከንባቡ በፊት በታሪኩ ውስጥ የሕፃን ጥቃት፣ ራስን ማጥፋት ወይም ወሲባዊ ጥቃት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የዚያን ወር መዝለል የፈለገ ሰው "ለምን?" አይባልም።

በዓመት አንድ ምሽት ደግሞ ጮክ ብላችሁ ተራ በተራ ተራረኩ። በጃፓን በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868) አንድ መቶ መብራት አብርቶ በየታሪኩ መጨረሻ አንዱን የማጥፋት ጨዋታ ነበር። የመጨረሻው ሲጠፋ እውነተኛ መንፈስ ይመጣል ተብሎ ስለሚታመን ዘጠና ዘጠነኛው ላይ ማቆም ነበረ ይባላል። እናንተ አስር መብራት ይበቃችኋል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ ታሪክ ከእሱ በፊት የተተረከው ምን እንዳደረገበት በጆሯችሁ ትሰማላችሁ። መድበሉን በቅደም ተከተል ስትደረድሩ ይህ ይጠቅማችኋል።

የአካባቢውን ፍርሃት ፈልጉ

የቦታ ስም መጥቀስ ብቻውን ታሪክን የአካባቢ አያደርገውም። ቀላል መፈተኛ አለ። የከተማውን ስም በሌላ ቀይሩት። ምንም ካልፈረሰ ታሪኩ የትም ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። የአካባቢ ፍርሃት የሚገኘው በመልክዓ ምድሩ፣ በአየሩ፣ ሰው ለእንጀራው በሚሠራው ሥራ፣ ልጆች "እዚያ እንዳትሄዱ" በሚባሉበት ቦታ ነው። አዛውንቶችን ስትጠይቁ "የምታውቁት የሚያስፈራ ታሪክ አለ?" ከማለት "ልጅ ሳላችሁ ሲመሽ የማይታለፍበት መንገድ የቱ ነበር?" ማለት ይሻላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ተረት ይነግሯችኋል፤ ለሁለተኛው ያዩትን።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ቤተሰቡ በሕይወት ያለ የተገደለ ሰው ታሪክ መዝናኛ አይደለም። ሰዎች ዛሬም በጥንቆላ ወይም በክፉ መንፈስ የሚጠረጠሩበት አካባቢ ከሆነ፣ ተጠርጣሪዋን ጎረቤት እውነትም ጭራቅ አድርጎ የሚጨርስ ታሪክ ከመጽሐፉ ውጭ ሰው ሊያስጎዳ ይችላል። እኔ አርታኢ ብሆን እንዲህ ያለውን ታሪክ ምንም ያህል ቢያምር አላወጣውም።

ጥሪውን አውጡ

ጥሪው አንድ ገጽ ይብቃው። ጭብጡ፣ የቃላት ብዛቱ፣ የመጨረሻው ቀን፣ የማትቀበሉት ነገር፣ ክፍያው እና የመብቱ ጉዳይ ይግለጽ። "ጨለማ" የሚል ጭብጥ ምንም አይልም። "ውኃ" ወይም "የሌሊት ፈረቃ" የሚል ግን ጸሐፊውን ሥራ ያስይዘዋል።

ርዝመትን በተመለከተ አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1846 ባሳተመው ድርሰት ያነሳው ነጥብ ዛሬም ይሠራል፦ በአንድ ቁጭታ የማያልቅ ጽሑፍ ስሜቱ ይቆራረጣል። ፍርሃት ደግሞ ሲቆራረጥ ቶሎ ይበርዳል። ከ2,000 እስከ 5,000 ቃል ብትሉ ጥሩ ነው። በአማካይ 4,000 ቃል የሆኑ 15 ታሪኮች 60,000 ቃል ይሞላሉ፤ ይህ ደህና መጽሐፍ ነው።

ምርጫው ስም ሳይታይ ይሁን። አንድ የማይመርጥ ሰው ስሞቹን ይያዝና ለታሪኮቹ ቁጥር ይስጥ። ሦስት ሰው ያንብብ። የክበቡ አባላት ታሪክም በዚያው በር ይግባ፤ ይህ ካልሆነ መድበሉ የጓደኛሞች አልበም ይሆናል። "ምናልባት" የተባሉትን ለአንድ ሳምንት ተዉአቸው። ከዚያ ፋይሉን ሳትከፍቱ የትኛውን እንደምታስታውሱ ተጠያየቁ። የተረሳው ይቀራል።

ዋና አርታኢውን ደግሞ በየጥራዙ ቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው የአውስትራሊያና አካባቢው የአስፈሪ ታሪክ ደራሲያን ማኅበር "ሚድናይት ኢኮ" የተሰኘውን መጽሔቱን በተለያዩ አርታኢዎች ሲያወጣ ቆይቷል። አንድ ሰው ብቻ ለዓመታት ሲመርጥ የአንድ ሰው ፍርሃት ብቻ ይታተማል።

አርትዖት

እንግሊዛዊቷ ደራሲ አን ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1826 የታተመ ጽሑፏ ላይ ሁለት ነገሮችን ትለያለች፦ ገና ያልመጣውን መፍራትና የመጣውን አይቶ መሰቀቅ። የመጀመሪያው አእምሮን ያነቃል፤ ሁለተኛው ያደርቀዋል። አርታኢ በየገጹ "አሁን አንባቢው የትኛው ውስጥ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ግማሽ ሥራው አለቀ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ደም ከሆነ በአስረኛው ገጽ ላይ ማንም አይደነግጥም።

በተደጋጋሚ የሚቆረጡ ነገሮች አሉ። በሕልም የሚጀምር መግቢያ ይቆረጥ። ምን እንደተፈጠረ የሚያስረዳው የመጨረሻ አንቀጽም ይቆረጥ፤ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከእሱ በፊት አልቋል። "በድንገት" የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ አጥፉ፤ ድንገቱ አረፍተ ነገሩ ውስጥ ይኑር። መንፈሱ ደፍ አይሻገርም ከተባለ ገጽ 9 ላይ ተሻግሮ እንዳይገኝ። ለምን ስልክ አይደውሉም? ለምን አይሸሹም? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ታሪኩ መልስ ከሌለው አንባቢው ከመፍራት ይልቅ መሳደብ ይጀምራል።

አርታኢ ሐሳብ ያቀርባል፣ ደራሲ ይወስናል። ካልተስማሙ ታሪኩ በሰላም ይመለስ። የፊደልና የነጥብ እርማት የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ለሚቆረጥ አንቀጽ ነጠላ ሰረዝ አታስተካክሉ።

ስምምነት፣ ድርደራ፣ ኅትመት

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ጓደኛሞች ብትሆኑም፤ በተለይ ጓደኛሞች ከሆናችሁ። የቅጂ መብቱ የደራሲው ነው። ክበቡ የሚወስደው የመጀመሪያ የማሳተም ፈቃድን ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለአንድ ዓመት ነው። ገንዘብ ከመጣ ማን ስንት እንደሚያገኝ፣ ካልመጣም ለደራሲው ስንት ቅጂ እንደሚሰጠው ይጻፍ።

ድርደራ ላይ ቶሎ የሚይዘው ታሪክ ይቅደም፤ ከአእምሮ የማይወጣው ይጨርስ። ተመሳሳይ መጨረሻ ያላቸው ሁለት ታሪኮች አይከታተሉ። ከከባዱ ቀጥሎ አጭርና ፌዘኛ ቢጤ ብታስገቡ አንባቢው ይተነፍሳል፤ ቀጥሎ ለሚመጣውም ሳይዘጋጅ ይያዛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ትልቅ መጽሐፍ አትጀምሩ። መሃሉ በሽቦ የተሰፋ ትንሽ ቅጽ በቂ ነው፤ የገጹ ቁጥር በ4 የሚካፈል ይሁን። መጽሐፍ ከሆነ ኤ5 (148 በ210 ሚሊ ሜትር) የተለመደ መጠን ነው። ማተሚያ ቤቶች ብዙ ጊዜ ገጽን በ16 እያጠፉ ይሠራሉ። 198 ገጽ ካላችሁ በ16 ወደሚካፈለው 208 ይጠጋል፤ በትርፉ አስር ገጽ የደራሲያኑን አጭር የሕይወት ታሪክ አስገቡ። የታተመውና የኤሌክትሮኒክ ቅጂው የተለያየ ባለ 13 አኃዝ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ይፈልጋሉ። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ የሙከራ ቅጂ አስወጥታችሁ ሌላ ሰው ያንብበው። ሽፋኑ ላይ ጭራቁን አታሳዩ፤ ውስጥ ለመደበቅ ያን ያህል ደክማችኋላ።

ከወጣ በኋላ

የራሳችሁን መጽሐፍ ክበቡ ውስጥ አንብቡት፣ በዚያው በእርሳሱ ዘዴ። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የታሪኩ ደራሲ አይናገር። "እኔ ለማለት የፈለግኩት" የሚለው ማብራሪያ እያንዳንዱን ቅጂ ተከትሎ አይሄድም። ከተቻለ መጽሐፉን ሲሠራ ያላዩ እንግዳ አንባቢዎችን ጋብዙ፤ የእነሱ ምልክት ከእናንተ የተለየ ቦታ ላይ ሲያርፍ መዝግቡት። የሁለተኛው ጥሪ "የማንቀበለው" ዝርዝር የሚጻፈው ከዚያ ማስታወሻ ነው።