ለዲያሊስስ ታካሚዎች፦ የቀኑን ፈሳሽ በኃይላንድ መለካት
በዲያሊስስ (በኩላሊት እጥበት) የሚታከሙ ሰዎች፣ በተለይ እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት ስፍራ የሚኖሩ፣ የተፈቀደላቸውን ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ሳያውቁት የሚያልፉት በቡና፣ በሻይና በሾርባ ነው፤ በወሎ ደግሞ የጎረቤት ቡና እምቢ አይባልም። ስለዚህ ሐኪም ለቀኑ የፈቀደውን መጠን ጠዋት በኃይላንድ ቀድቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያም አቦልም ሆነ በረካ በተጠጣ ቁጥር በዚያው ስኒ ልክ ውሃ ከኃይላንዱ እየቀነሱ ለሌላ ሥራ ማዋል ይጠቅማል፤ የሚተርፈው እስከ ማታ የቀረው ድርሻ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ በሁለት እጥበት መካከል የሚጨምረው ክብደት በአብዛኛው የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። ጨው ያልቀነሰን ሰው ግን ጥሙ ስለሚያሸንፈው ዘዴው ብዙም አይረዳውም። ሽንት አሁንም የሚወጣቸው ወይም ተቅማጥና ትውከት የያዛቸው ታካሚዎች መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር እንደገና ሊወስኑ ይገባል።